ከዓሣ ገበያ እስከ አልባኒ፦ የአል ስሚዝ ሕይወትና ሥራ

አልፍሬድ ኢማኑኤል ስሚዝ፣ በኋላ መላው አሜሪካ «አል ስሚዝ» ብሎ ያወቀው ፖለቲከኛ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 30 ቀን 1873 በኒውዮርክ ከተማ፣ ሳውዝ ስትሪት በሚባለው የወደብ ዳር መንገድ ተወለደ። በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ሠፈሩ በመርከብ የመጡ ስደተኞች ተጨናንቀው የሚኖሩበት የታችኛው ማንሃተን ነበር። አየርላንዳዊው፣ ጀርመኑ፣ ጣሊያኑ፣ ከሩሲያ ግዛት የሸሸው አይሁድ በአንድ ደረጃ እየወጣ በአንድ ደረጃ ይወርዳል። የስሚዝ አባት ከወደብ የሚወርደውን ዕቃ በፈረስ ጋሪ የሚያመላልስ፣ የጣሊያንና የጀርመን ደም ያለው ሠራተኛ ነበር። እናቱ ካትሪን ከአየርላንዳውያን ቤተሰብ የተገኘች ካቶሊክ ነበረች። ማንሃተንን ከብሩክሊን የሚያገናኘው ታላቅ ድልድይ ከሠፈራቸው አጠገብ ይሠራ ነበርና ልጁ ያደገው የብረቱን ድምፅ እየሰማ ነው።

በ1886 አባቱ ሲሞት አል ገና አሥራ ሦስት ዓመት አልሞላውም። ለቤተሰቡ የተረፈ ጥሪት አልነበረም። እናቱ ጃንጥላ ፋብሪካ ተቀጠረች፤ ልጁም ጋዜጣ እየሸጠ ሊደግፋት ሞከረ። ኑሮው ግን አልገፋ አለ። ስምንተኛ ክፍልን ሳይጨርስ የደብሩን የካቶሊክ ትምህርት ቤት ትቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የተማረበት ቀን የለም።

የተለያየ የጉልበት ሥራ ከሠራ በኋላ በፉልተን የዓሣ ገበያ ተቀጠረ። ጎህ ሳይቀድ ገበያው ላይ ይደርሳል፤ በርሜል ያንከባልላል፣ ዓሣ ይመዝናል፣ ያሽጋል፣ ይቆጥራል። ደመወዙ በሳምንት 12 ዶላር ሲሆን ለቤት የሚወስደው ዓሣም ይጨመርለት ነበር። ማታ ማታ ደግሞ በደብሩ የቲያትር ቡድን ውስጥ ይተውናል። ቃለ ተውኔት ቶሎ መያዝን፣ ድምፅን ከአዳራሹ ጫፍ ማድረስንና የተመልካችን ልብ መሳብን የተማረው እዚያ ነው። በኋላ የአደባባይ ንግግር ሲያደርግ ይህ ሁሉ አገልግሎታል።

የሠፈሩን ፖለቲካ የያዘው ታማኒ ሆል የተባለው የዴሞክራቲክ ፓርቲ የኒውዮርክ ድርጅት ነበር። ታማኒ ለድሃው በክረምት ከሰል፣ ለአዲስ ስደተኛ ሥራ፣ ልጁ ለታሰረበት አባት ጠበቃ ያገኛል፤ በምርጫ ቀን ደግሞ ድምፁን ይቀበላል። ከዚሁ ጋር በጉቦና በመንግሥት ገንዘብ ምዝበራ ስሙ የጎደፈ ድርጅት ነበር። የአካባቢው የታማኒ መሪ ቶም ፎሊ የሚባል የመጠጥ ቤት ባለቤት ነው። ፎሊ ይህን ተጫዋችና ታታሪ ወጣት ወደደው። ስሚዝ በ1895 በድርጅቱ በኩል ለፍርድ ቤት ሸንጎ የሚመረጡ ዜጎችን በሚጠራው መሥሪያ ቤት ሥራ አገኘ። በ1900 ካቲ ደንን አገባ፤ አምስት ልጆችም ወለዱ። በ1903 ፎሊ ለግዛቱ የታችኛው ምክር ቤት ዕጩ አድርጎ አቀረበው፤ ስሚዝም አሸነፈ።

ሌሊት የተነበቡ ረቂቆች

አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ አገረ ገዥ፣ የራሱ ሴኔትና የታችኛው ምክር ቤት አለው። በዚያ ዘመን የፋብሪካ ሥራ ሰዓት፣ የሠራተኛ ደህንነት፣ የቤት ኪራይና የትምህርት ጉዳይ ሁሉ የሚወሰነው በአብዛኛው በግዛት ደረጃ ነበር። የኒውዮርክ ግዛት መናገሻ ደግሞ ትልቋ ከተማ ሳትሆን ከእሷ በስተሰሜን፣ በሃድሰን ወንዝ ዳር ያለችው አልባኒ ናት።

ስሚዝ በጃንዋሪ 1904 አልባኒ ሲገባ የሰላሳ ዓመት ሰው ነበር። በዙሪያው የተቀመጡት ጠበቆች፣ ነጋዴዎችና የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የሚከመሩት ረቂቅ ሕጎች በጠበቃ ቋንቋ የተጻፉ፣ በአንቀጽ ላይ አንቀጽ የሚጠቅሱ ስለሆኑ አንዱም አልገባው አለ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት የጉባኤ ዘመናት ከመቀመጫው ተነሥቶ የረባ ንግግር አላደረገም። ድርጅቱ እጅህን አውጣ ሲለው ያወጣል፤ አውርድ ሲለው ያወርዳል። ተስፋ ቆርጦ ሥራውን ሊተወው አስቦም ነበር።

ነገር ግን ሳይገባው እጁን እያወጣ መኖር አላስቻለውም። ሌሎቹ ተመራጮች ማታ ወደ መዝናኛቸው ሲሄዱ እሱ ረቂቆቹን ይዞ ወደ ማደሪያ ክፍሉ ይገባል። አንድ ረቂቅ የቆየን ሕግ የሚያሻሽል ከሆነ የቆየውን ሕግ አውጥቶ ያነባል፤ እሱም ሌላውን የሚጠቅስ ከሆነ ሌላውን ይፈልጋል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች ያሉትን፣ ማንም ዳር እስከ ዳር የማያነበውን ዓመታዊ የበጀት ሕግ እንኳ መስመር በመስመር ዘለቀው። የትኛው መሥሪያ ቤት ስንት ሠራተኛ እንዳለው፣ የትኛው ገንዘብ ያለ ሥራ እንደሚወጣ፣ ማን ለማን ሲል ምን አንቀጽ እንዳስገባ ማወቅ ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ስለ ግዛቱ አሠራር እሱን ያህል የሚያውቅ አልተገኘም።

በ1911 ዴሞክራቶች ምክር ቤቱን ሲይዙ ስሚዝ የአብላጫው መሪና የገንዘብ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ሆነ። ጓደኛው ሮበርት ዋግነር ደግሞ ሴኔቱን ይመራ ነበር። በዚያው ዓመት ስለ አንድ የዩኒቨርሲቲ የጀልባ ውድድር ወሬ ተነሥቶ ተመራጮቹ የተማሩበትን ዩኒቨርሲቲ እየጠሩ ሲኩራሩ ስሚዝ ተነሥቶ «እኔም የፉልተን ዓሣ ገበያ ምሩቅ ነኝ» አላቸው። አዳራሹ ሳቀ፤ አጨበጨበም። በዚያን ጊዜ ማንኛቸውም ቢሆኑ ስለ አንድ ሕግ ሲቸግራቸው የሚጠይቁት እሱን ነበር።

የማርች 25 እሳት

ማርች 25 ቀን 1911 ቅዳሜ፣ የሥራ ሰዓት ሊያበቃ ሲል፣ በማንሃተን ዋሽንግተን አደባባይ አጠገብ ካለ ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ስምንተኛ ፎቅ ላይ እሳት ተነሣ። ከላይ ያሉትን ሦስት ፎቆች የያዘው ትሪያንግል የተባለው የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ ነው። ወለሉ በጨርቅ ቁርጥራጭ የተሞላ ስለነበር እሳቱ በደቂቃዎች ተዛመተ። በዘጠነኛው ፎቅ ላይ አንደኛው መውጫ በር ተቆልፏል፤ ሠራተኞች ዕቃ ሰርቀው እንዳይወጡ፣ ሲወጡም ቦርሳቸው እንዲፈተሽ ነበር የሚቆለፈው። በስተጀርባ ያለው የብረት መሰላል ክብደቱን አልቻለምና ተገነጠለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላል ከስድስተኛው ፎቅ አላለፈም። ብዙ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ከመስኮት ዘለሉ። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 146 ሰዎች አለቁ። አብዛኞቹ የአይሁድና የጣሊያን ስደተኛ ልጃገረዶች ነበሩ፤ ከመካከላቸው የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ይገኙባቸዋል።

ከሟቾቹ ብዙዎቹ ስሚዝ ባደገበት የከተማው ክፍል የሚኖሩ ነበሩ። ወደ ሐዘንተኞቹ ቤት ሄደ፤ ሬሳ ለመለየት ከሚሄዱት ጋርም አብሮ ሄደ። አባት አልባ ሆኖ በጉልበቱ ያደገ ሰው ነውና የእነዚያ ልጆች ደመወዝ ለቤታቸው ምን እንደነበር የሚነግረው አላስፈለገውም።

ከተማዋ በቁጣ ተነሣች። በዝናብ ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ሟቾቹን ለማሰብ ሰልፍ ወጣ። አንድ የዜጎች ኮሚቴ መንግሥት አጣሪ ቡድን እንዲያቋቁም ለመጠየቅ አልባኒ ሲመጣ ስሚዝ የሰጠው ምክር የምክር ቤቱን ጠባይ ጠንቅቆ ከሚያውቅ ሰው የሚጠበቅ ነበር። ታዋቂ ሰዎችን ሰብስባችሁ ሪፖርት ብታስጽፉ ምክር ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል፤ አጣሪዎቹ የምክር ቤቱ የራሱ አባላት ከሆኑ ግን የደረሱበትን ችላ ማለት ይከብደዋል አላቸው። በዚህ ምክር መሠረት በጁን 1911 የፋብሪካ አጣሪ ኮሚሽን በሕግ ተቋቋመ። ዋግነር ሊቀ መንበር፣ ስሚዝ ምክትል ሆኑ። የሠራተኛ ማኅበራት መሪው ሳሙኤል ጎምፐርስና ለሴት ሠራተኞች መብት የምትታገለው ሜሪ ድራየርም አባላት ነበሩ።

እሳቱን በዓይኗ ያየችው ፍራንሲስ ፐርኪንስ የኮሚሽኑ መርማሪ ሆነች፤ መንገድ እያሳየች ፋብሪካ ለፋብሪካ ወሰደቻቸው። በገመድ ፋብሪካ ደጃፍ ንጋት ላይ አቁማ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠሩ አድረው ዓይናቸው የቀላ እናቶች ሲወጡ አሳየቻቸው። ወደ ገጠሩ የምግብ ማሸጊያ ፋብሪካዎች ወስዳ ከወላጆቻቸው ጎን ባቄላ የሚፈለፍሉ ሕፃናትን አሳየቻቸው። «የእሳት ማምለጫ» የሚል ጽሑፍ በተለጠፈበት ቀዳዳ ዋግነርን አሹልካ፣ በረዶ የያዘውና መሬት ሳይደርስ የሚያበቃው መሰላል ላይ አወጣችው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ኮሚሽኑ ከ1,800 በላይ የሥራ ቦታዎችን መረመረ፤ ከ200 በላይ ምስክሮችንም ሰማ።

ቁጣው ሕግ ሲሆን

ሐዘን በራሱ ሕግ አይሆንም። እዚህ ላይ የስሚዝ የሌሊት ንባብ ዋጋ ታየ። እያንዳንዱን ምክረ ሐሳብ ፍርድ ቤት በማያፈርሰው ቋንቋ ማስጻፍ፣ በኮሚቴ ማሳለፍ፣ ከፋብሪካ ባለቤቶች ወዳጆች ጋር መከራከር፣ ድምፅ መቁጠር፣ እጥረት ሲኖር መደራደር የእሱ ሥራ ሆነ። በ1913 የታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሲሆን ደግሞ በሩ ሰፋለት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 በላይ ሕጎች ጸደቁ። በሥራ ሰዓት በር መቆለፍ ተከለከለ፤ በሮች ወደ ውጭ እንዲከፈቱ ታዘዘ። በረጃጅም ፋብሪካዎች ከኮርኒስ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ እንዲገባና የእሳት ልምምድ እንዲደረግ ግዴታ ሆነ። የሴቶችና የወጣቶች የሥራ ሰዓት በሳምንት 54 ሆኖ ተወሰነ፤ የሴቶች የሌሊት የፋብሪካ ሥራ ታገደ። የግዛቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤትም እንደገና ተደራጅቶ ተጨማሪ ተቆጣጣሪዎች ተመደቡለት።

በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት የሚሰጠው ረቂቅ ሲቀርብ የምግብ ማሸጊያ ባለቤቶች ለእኛ ልዩ ፈቃድ ይደረግልን አሉ። ስሚዝ ተነሣና ሰንበትን አክብር የሚለውን ትእዛዝ በጥንቃቄ ማንበቡን፣ «ከምግብ ማሸጊያ ፋብሪካ በስተቀር» የሚል ቃል ግን እንዳላገኘበት ተናገረ። ልዩ ፈቃዱ ወደቀ።

የዚህ ሰው ታሪክ በሙሉ እንዲህ ብሩህ ብቻ አይደለም። በዚያው በ1913 ታማኒ ከአገረ ገዥው ዊሊያም ሱልዘር ጋር ሲጣላ፣ ሱልዘር በምርጫ ገንዘብ ጉድለት ተከስሶ ከሥልጣን ወረደ። ክሱን ያጸደቀው ስሚዝ በአፈ ጉባኤነት የሚመራው ምክር ቤት ነው። የክሱ ማስረጃ እውነት ቢኖረውም የነገሩ ምንጭ የድርጅቱ ቂም እንደነበር ብዙ ሰው ተረድቷል። ስሚዝ ድርጅቱን አልተቃወመም። ፓርቲው እንጀራ ሰጥቶ ያሳደገው ሰው ነበርና የታማኒ ታማኝነቱ ዘመኑን ሁሉ ያስወቅሰው ነበር። በራሱ እጅ ግን የመንግሥት ገንዘብ እንዳልነካ ጠላቶቹም መስክረውለታል።

በ1915 የግዛቱን ሕገ መንግሥት ለማሻሻል በተጠራው ጉባኤ ላይ የአገሪቱ ስመ ጥር ጠበቆች ተሰበሰቡ። ሊቀ መንበሩ የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ሪፐብሊካኑ ኤሊሁ ሩት ነበር። በዚያ ጉባኤ ስለ ኒውዮርክ መንግሥት ከሁሉ የላቀ ዕውቀት ያለው ያ ትምህርቱን ያቋረጠው ዴሞክራት መሆኑን የተቃራኒ ፓርቲ ሰዎች ሳይቀሩ አመኑ። የረቀቀው ሕገ መንግሥት በሕዝብ ድምፅ ቢወድቅም ስሚዝ ከጉባኤው ይዞት የወጣውን ሐሳብ በልቡ አኖረው። መቶ ቦታ ተሰባብሮ የተበተነውን የግዛቱን አስተዳደር ሰብስቦ በአንድ ተጠያቂ አገረ ገዥ ሥር ማድረግ የሚል ነበር።

አገረ ገዥው

ስሚዝ በ1915 የኒውዮርክ ካውንቲ ሸሪፍ፣ በ1917 የከተማው ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። በ1918 ለአገረ ገዥነት ተወዳደረ። በኒውዮርክ ሴቶች የመምረጥ መብት ካገኙ ገና አንድ ዓመታቸው ነበርና ስሚዝ ቤል ሞስኮዊትዝ የተባለችውን የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ምክር እየሰማ እነሱንም ቀረበ። በ15 ሺህ ገደማ ድምፅ ብልጫ ሥልጣን ላይ የነበረውን ቻርልስ ዊትማንን አሸነፈ። ሞስኮዊትዝ ከዚያ በኋላ የቅርብ አማካሪው ሆነች። ፐርኪንስንም የሠራተኛ ሕጎችን በሚያስፈጽመው ኮሚሽን ውስጥ ሾማት፤ ሴት በዚያ ደረጃ ስትሾም ለኒውዮርክ አዲስ ነገር ነበር።

ፈተናው በ1920 መጣ። ከሩሲያ አብዮት በኋላ በአሜሪካ በተነሣው የኮሚኒስት ፍርሃት ምክንያት የታችኛው ምክር ቤት በሕዝብ የተመረጡ አምስት ሶሻሊስቶችን ከመቀመጫቸው አገደ፤ በኋላም አባረራቸው። ስሚዝ ሶሻሊስት አልነበረም፤ የምርጫ ዓመትም ነበር። ሆኖም ዜጎች በሕጋዊ መንገድ የመረጡትን ወኪል መንሳት ሕዝቡን መንሳት ነው ብሎ በይፋ ተቃወመ። መምህራን የታማኝነት ማረጋገጫ እንዲያቀርቡ፣ የግል ትምህርት ቤቶችም በመንግሥት ፈቃድ እንዲሠሩ የሚያስገድዱ ረቂቆች ሲደርሱት በቬቶ መለሳቸው። በዚያ ሰሞን ለዚህ አቋም የሚያጨበጭብ ብዙ ሰው አልነበረም።

በኖቬምበር 1920 የሪፐብሊካን ማዕበል አገሪቱን ጠረገ። ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ሪፐብሊካኑ ሃርዲንግ በኒውዮርክ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ድምፅ ብልጫ አገኘ። ስሚዝ ግን በኔታን ሚለር የተሸነፈው በ74 ሺህ ገደማ ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሪፐብሊካኖች ወረቀታቸውን ከፍለው ለእሱ ድምፅ ሰጥተዋል ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሚለርን በሰፊ ልዩነት አሸንፎ ተመለሰ፤ በ1924ና በ1926ም ተመረጠ። በአራት የሥልጣን ዘመን ስምንት ዓመት አገረ ገዥ ሆነ።

በእነዚህ ዓመታት ያን የ1915 ሐሳብ ፍጻሜ ላይ አደረሰው። ከ180 በላይ የነበሩት መሥሪያ ቤቶች፣ ቦርዶችና ኮሚሽኖች ሃያ በማይሞሉ መምሪያዎች ተጠቃለሉ። በጀቱን አገረ ገዥው አዘጋጅቶ እንዲያቀርብና እንዲጠየቅበት የሚያደርግ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጸደቀ። ለፓርኮች የሚውል 15 ሚሊዮን ዶላር በብድር ተገኘ፤ ሥራውን የመራው ወጣቱ ሮበርት ሞዝስ ነው። የከተማ ሠራተኛ በእሑድ ቀኑ የሚደርስባቸው የባሕር ዳርቻዎችና ሜዳዎች ተከፈቱ። ለሠራተኛው ቤት መሥሪያ ሕግ ወጣ። የተቃዋሚው ፓርቲ ምክር ቤት እንቢ ሲለው ስሚዝ ቁጥሮቹን ይዞ ወደ ሕዝቡ ይወጣ ነበር። ሬዲዮ ላይ ቀርቦ የመንግሥትን በጀት ለጋሪ ነጂና ለልብስ ሰፊ በሚገባ ቋንቋ ያስረዳል። ሕዝቡ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ምክር ቤቱም ይለዝባል።

ኒውዮርክን የተሻገረው ሩጫ

በ1924 የዴሞክራቶች ጉባኤ በኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሲሰበሰብ ስሚዝ ለፕሬዚዳንትነት ቀረበ። በፖሊዮ ሕመም እግሩ የከዳው ፍራንክሊን ሩዝቬልት በክራንች ተደግፎ ስሙን አስተዋወቀ። ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። በአንድ በኩል የከተማ ስደተኞችና ካቶሊኮች፣ በሌላ በኩል በደቡብና በምዕራብ የተስፋፋው፣ ካቶሊኮችንና ስደተኞችን የሚጠላው ኩ ክሉክስ ክላን የሚያስፈራቸው ወይም የሚደግፉት ወገኖች ቆሙ። ክላንን በስሙ ጠርቶ የሚያወግዘው ሐሳብ በአንድ ድምፅ ያህል ልዩነት ወደቀ። ከ103 ዙር ምርጫ በኋላ ጉባኤው ሌላ ሰው መርጦ ተበተነ።

በ1928 ግን ስሚዝ ዕጩ ሆነ፤ ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ለፕሬዚዳንትነት የቀረበ የመጀመሪያው ካቶሊክ ነው። ለሮም ጳጳስ ነው ወይስ ለአሜሪካ ሕገ መንግሥት የሚታዘዘው የሚለው ጥያቄ በመጽሔት፣ በመድረክና በሹክሹክታ ተዛመተ። ባቡሩ ኦክላሆማ ሲደርስ ክላኖች ሜዳ ላይ ያቃጠሏቸው መስቀሎች ይታዩ ነበር። ስሚዝ ኦክላሆማ ሲቲ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ሃይማኖት ጥላቻ ፊት ለፊት ተናገረ። አገሪቱ በብልጽግና ላይ ስለነበረች፣ የመጠጥ ክልከላውን ሕግም ስለተቃወመ ሽንፈቱ በሃይማኖት ብቻ አልመጣም። ሆኖም የዚያ ዘመቻ መርዝ ልቡን ሰበረው። ተፎካካሪው ኸርበርት ሁቨር 444 የምርጫ ወኪሎች ድምፅ ሲያገኝ ስሚዝ ያገኘው 87 ነው። የራሱን ግዛት ኒውዮርክን እንኳ አጣ። እሱ ለምኖ ለአገረ ገዥነት ያወዳደረው ሩዝቬልት ግን ለጥቂት አሸነፈ። ያም ሆኖ በትልልቆቹ ከተሞች ስደተኛው ሠራተኛ ለስሚዝ በብዛት ወጥቶ መርጧል፤ ይህ ሕዝብ ከአራት ዓመት በኋላ ለሩዝቬልት ድል መሠረት ሆነ።

ከዚያ በኋላ የቀሩት ዓመታት መራራ ናቸው። ስሚዝ በሜይ 1 ቀን 1931 የተመረቀውን ባለ 102 ፎቅ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ያሠራው ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆነ። ሩዝቬልት በአልባኒ ምክሩን አልጠየቀውም፤ በ1932 ለፕሬዚዳንትነት ሲፎካከሩም አሸነፈው። ስሚዝ የሩዝቬልትን ፖሊሲ ከሚቃወሙ ባለጸጎች ጋር ተሰለፈ፤ በ1936ና በ1940ም የሪፐብሊካን ዕጩዎችን ደገፈ። ይህ የቀድሞ ወዳጆቹን አሳዘነ። እሱ ግን የፌዴራሉ መንግሥት ከልክ በላይ ጉልበት አበጀ ብሎ ያምን ነበር። ሚስቱ ካቲ በሜይ 1944 ሞተች፤ እሱም በዚያው ዓመት ኦክቶበር 4 ቀን አረፈ።

ስሚዝ ፕሬዚዳንት ባይሆንም ሥራው ከአልባኒ ወደ ዋሽንግተን ተሻግሯል። ፍራንሲስ ፐርኪንስ በ1933 በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር ሆና የሠራተኛ ሚኒስቴርን ያዘች። ሮበርት ዋግነር ለፌዴራል ሴኔት ተመርጦ በ1935 ሠራተኞች ማኅበር የማቋቋም መብታቸውን የሚያስከብረውን፣ በስሙ የሚጠራውን ሕግ አወጣ። ፐርኪንስ ራሷ የሩዝቬልት ማሻሻያ የተጀመረው ትሪያንግል በተቃጠለበት ቀን ነው ትል ነበር።

እኛ «የተማረ ይግደለኝ» እንላለን፤ አል ስሚዝ ደግሞ ድምፅ የሚሰጥበትን ወረቀት ሳያነብ እጁን ላለማውጣት በመወሰኑ ከተማሩት በላይ ተማረ። ድርጅቱን ሲበድል ባለመገሠጹና በስተርጅናው በቂም ወዳጆቹን በመራቁ ሊወቀስ ይገባል። ይሁን እንጂ በኒውዮርክ ፋብሪካዎች በር በሥራ ሰዓት እንዳይቆለፍ ሕግ ሆኖ የተጻፈው በአብዛኛው በእሱ ትጋት ነው። የሕዝብ ወኪል የሚመዘነው በእንዲህ ያለ ሥራ ነው።